የባዶዋ ቲዩብ ድርሻ

ሰው ሥራሽ ምንድን ነው ሲለኝ ጭቃ አጥባለሁ እላለሁ። ሀርጌሳ፣ ዋሄን ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ዳሀቦ ይህን ከሰማች ወዲህ ታዝንልኛለች። «ዩኒቨርሲቲ ተምረሽ ጭቃ?» ትላለች፤ ከዚያ ሁለት ራስ ሽንኩርት ትመርቅልኛለች። እኔም አላስተባብልም። ምርቃት አይጠላም፤ ደግሞም አልዋሸሁም።

ጭቃው ግን የመንገድ ጭቃ አይደለም። ከበርበራ ማዶ፣ ከባሕሩ ወለል በረጅም ቱቦ ተመዞ የወጣ ነው። ውስጡ ዳያተም የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ፍጥረቶች ቅሪት አለ። በሕይወት ሳሉ የመስታወት ቅርፊት ለብሰው ውሃው ላይ ይንሳፈፋሉ፣ ሲሞቱ ቅርፊታቸው ይወርድና ጭቃው ይቀብረዋል። ቅርፊቱ ሲሠራ በዙሪያው ካለው ውሃ ቅንጣት ዚንክ ይዞ ይቀራል። ያቺን ቅንጣት የለካ ሰው ባሕሩ በዚያ ዘመን ምን ይመስል እንደነበር መገመት ይችላል። ችግሩ፣ ቅርፊቱ ውስጥ ካለው ዚንክ ይልቅ በላዩ የተለጠፈው አፈርና ዝገት የያዘው ይበልጣል። ስለዚህ ይታጠባል።

አስተጣጠቡ ትዕግሥት ይፈጃል። መጀመሪያ የበሰበሰውን የሚያቃጥል ፈሳሽ ይገባበታል፣ ቀጥሎ ኖራውን የሚያሟሟ አሲድ። ከዚያ በስስ ወንፊት ይጣራል። ከዚያ ከከባድ ፈሳሽ ጋር በሴንትሪፊውጅ ይሽከረከራል፤ አፈሩ ይሰምጣል፣ ዳያተሙ ከላይ ይቀራል። ከዚያ ዝገቱ ይለቀቃል። ከዚያ ውሃ፣ ደግሞ ውሃ፣ አሁንም ውሃ። አሸዋ የበዛበት ጤፍ ያበጠረች ሴት ብቻ ናት የምትረዳኝ።

ጭቃው የዒዲል ነው። ዒዲል የሀርጌሳ ሰው ናት፤ ወላጆቿ ሀርጌሳ በተደበደበችበት ጦርነት ሸሽተው ድሬዳዋ ስለገቡ ግን ያደገችው እኛ ሰፈር ነው፣ አማርኛዋም የኔው አማርኛ ነው። ሁለተኛ ደረጃ አንድ ዴስክ ላይ ተቀምጠናል። እሷ ዶክትሬቷን ልትሠራ ውጭ አገር ሄደች። እኔ ኬሚስትሪዬን ይዤ ሥራ ፍለጋ ሀርጌሳ መጣሁና ፋራህ የሚባል ሰው ጋአን ሊባህ ሰፈር ውስጥ በከፈታት ትንሽ የውሃ መመርመሪያ ላቦራቶሪ ተቀጠርኩ። የጉድጓድ ውሃና የቦቴ ውሃ እመረምራለሁ። አንድ ቀን ዒዲል የበረዶ ሣጥን አቅፋ በራችን ላይ ቆመች።

«ሰብሪያ፣ እዚሁ ነው የምናጥበው» አለች።

የውጭ አገሩ ፕሮፌሰሯ አልወደዱትም። በአቧራ ከተማ፣ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ እንዴት ዚንክ የሚለካበት ናሙና ይዘጋጃል ብለው ጻፉላት። ቆርቆሮ እንዳይዝግ የሚለበጠው በዚንክ ነውና እውነት አላቸው። ዒዲል ግን ግትር ናት። «ለመለካት ይሂድ፤ ፊቱን ታጥቦ ግን ከቤቱ ይውጣ» አለች። በመጨረሻ ተስማሙ። ባዶዋ ንጹህ ከሆነች የዒዲል ጭቃ ሁሉ ሀርጌሳ ይታጠባል፤ ካልሆነች ተጭኖ ይሄዳል።

ባዶዋ የምንላት ጭቃ የሌለባት ቲዩብ ናት። በሌሎቹ የሚደርሰው ሁሉ በሷም ይደርሳል፤ አሲዱም፣ መሽከርከሩም፣ ውሃውም። ውስጧ ዚንክ ከተገኘ ያ ዚንክ የመጣው ከባሕር ሳይሆን ከኛ እጅ ነው ማለት ነው። ምስክራችን እሷ ናት።

ከቲዩቦቹ መካከል ደግሞ ቀይ ክዳን ያላት አለች። የዒዲል ሆድ ያለው እሷ ጋ ነው። ባሕሩ በድንገት የተለወጠበት ዘመን የተቀበረው በአንድ ስስ የጭቃ እርከን ውስጥ ነው። ከዚያ እርከን አብዛኛው፣ ከባሕር በወጣ ሰሞን ማቀዝቀዣ ጠፍቶበት ሻግቷል። የተረፈው የሻይ ማንኪያ አይሞላም፤ ታጥቦ ሲያልቅ ደግሞ በጥፍር ጫፍ የሚነሳ ነጭ ዱቄት ነው። እሱ ከተበላሸ ሌላ የለም። የአራት ዓመት ሥራዋ መሐሉ ይጎድላል።

ስለዚህ ራሳችንን መነኩሴ አደረግን። ከኋላ ክፍል ውስጥ ከወፍራም ፕላስቲክ ድንኳን ሠራን፣ አየር የሚያጣራ ማራገቢያ ገጠምንለት። ወርቅ የለም፣ ኩል የለም፣ የፊት ክሬም የለም፤ ዚንክ የማይደበቅበት ነገር የለምና። ዒዲል እህቷ ስታገባ እጇን ሂና ሳትቀባ ሰርጉ ላይ ተገኘች፤ አክስቶቿ እስከ ዛሬ ቂም ይዘውባታል።

አሁን ወደ ሐጂ ኸሊፋ ልምጣ። ሐጂ የላቦራቶሪያችን ጥበቃ ናቸው። የባቲ ሰው ናቸው፤ ጎልማሳ ሳሉ ጅዳ መኪና ሲያጥቡ ኖሩ፣ ሐጅ አደረጉ፣ ተይዘው ተባረሩ፣ ዞረው ዞረው ሀርጌሳ ቀሩ። እኔ የድሬ ልጅ ነኝ፣ አንቱታ አይሆንልኝም፤ ፊት ለፊት አንተ ነው የምላቸው። በሌሉበት ግን አንቱ ናቸው። ይህን አያውቁም፣ እንዲያውቁብኝም አልፈልግም።

ከዚያ ሁሉ ዙረት የተረፋቸው አንድ ነገር ነው፤ ሐጃጅ ሁሉ ከመካ የሚያመጣው የዘምዘም ውሃ። አንድ ቆርቆሮ ሠሪ በትንሽ ጣሳ ሞልቶ ክዳኑን በይዶላቸዋል። ሰው ሊሞት ሲያጣጥር ከንፈሩ በዘምዘም ይረጥባል፤ ሐጂም ጣሳቸውን ለዚያች ሰዓት አስቀምጠውታል።

«እዚህ ዘመድ የለኝም፤ ቀኔ ሲደርስ ከንፈሬን የምታረጥቢልኝ አንቺ ነሽ» ይሉኛል።

«ሥራ ይበዛብኛል አባ ሐጂ፣ ዝም ብለህ ኑር» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ። ሳቃቸው ሳል ይቀላቀልበታል፤ እሱ ደስ አይለኝም።

የኋላ ክፍል ቁልፍ ያለው እሳቸው ጋ ነው። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር አስነስተው ማራገቢያውን የሚያዩት እሳቸው ናቸውና። ወደ ድንኳኑ ግን አይቀርቡም። በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው፣ አንገታቸውን ብቻ አስግገው ያያሉ።

ሐሙስ ከሰዓት የመጨረሻውን እጥበት ጨረስን። ቲዩቦቹን እስከ ምልክታቸው ንጹህ ውሃ ሞልተን መደርደሪያቸው ላይ አቆምናቸው። ዓርብ ላቦራቶሪው ዝግ ነው፤ ቅዳሜ ባዶዋን መርምረን፣ ማክሰኞ ዒዲል ይዛቸው ትበራለች። ያን ቀን ከሰዓት ፕሮፌሰሩ እንደገና ጽፈውላት ነበር፤ ባዶዋ ምን አለች? ብቻ ነው ያሉት። ዒዲል ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እሷ ስታለቅስ ድምፅ የላትም፣ አፍንጫዋ ብቻ ይቀላል።

«ልጅቷ ምን ሆነች?» አሉኝ ሐጂ።

«እነዚያ ቲዩቦች ናቸው። ከተበላሹባት አለቀላት።»

«ዱዓ ያስፈልጋታል።»

«አዎ፣ አድርግላት» ብዬ ሚኒባሴን ልይዝ ሮጥኩ።

ቅዳሜ ጠዋት ከባዶዋ ትንሽ ውሃ ቀድቼ የፋራህ ዚንክ መለኪያ ውስጥ አስገባሁ። ቁጥሩ ሽቅብ ወጣ፣ ወጣ፣ አልቆም አለ። ያ ማሽን የዛገ ፓምፕ ያለበት ጉድጓድ ውሃ ስሰጠው እንኳ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ደገምኩት፤ ያው ነው። ዒዲል ከኋላዬ ቆማ ነበር። 

ያላየነው የለም። ጓንቱን መረመርን፣ ንጹህ ነው። አሲዱንና ውሃውን መረመርን፣ ንጹሐን ናቸው። ጣሪያው ላይ የዘረጋነው ፕላስቲክ ተቀዶ እንደሆነ ወንበር ላይ ወጥቼ በእጄ ዳበስኩት። ሁሉም ደኅና ነው። እኔ እየተሳደብኩ ስዞር ዒዲል መደርደሪያውን ወደ ብርሃን አነሳችው።

«ሰብሪያ፣ ነይ እስቲ» አለች።

የሁሉም ቲዩቦች ውሃ ከምልክቱ በላይ ነበር። ባዶዋ ደግሞ ከሁሉም በላይ። ውሃ ይተናል እንጂ አይወልድም።

በር ላይ ሐጂ ሻያቸውን ይዘው ወንበራቸው ላይ ተቀምጠዋል። «አባ ሐጂ፣ ዓርብ ለት ኋላ ክፍል የገባ ሰው ነበር?» አልኳቸው።

«እኔ ነኛ!» አሉ ፊታቸው እየበራ። «ከጁምዓ መልስ። አብሽሪ፣ ምንም አላቆሸሽኩም። ውዱዕ አድርጌ ነው የገባሁ። ጓንት አጥልቄያለሁ፣ ፀጉሬን ሸፍኛለሁ፣ እናንተ እንደምታደርጉት። ፋቲሐ ቀራሁባቸው፤ ከዚያ ለያንዳንዳቸው ከዘምዘሙ ጠብ ጠብ አደረግሁላቸው። ከእንግዲህ ምንም አይነካቸውም።»

ዒዲል አፏን በእጇ ሸፈነች።  እኔ የጠየቅኩት ይህን ነው፤ «ባዶዋስ? ምንም ለሌለባት ለባዶዋ ምን አደረግህላት?»

«እሷማ አሳዘነችኝ። ሌሎቹ ትንሽም ቢሆን ነገር አላቸው፣ እሷ ባዶዋን ቆማለች። ለሷ ጨመር አደረግሁላት» አሉ።

ዒዲል ጣሳውን አሳየኝ አለቻቸው። ከካፖርታቸው ኪስ አወጡላት። የክዳኑን ብየዳ በቢላ ፈልፍለው ከፍተውታል። በስልኳ መብራት ውስጡን አየችው፤ ግድግዳው በነጭ ዱቄት ተሸፍኗል። ዚንክ ነው። ውሃው ያን ሁሉ ዘመን ቆርቆሮውን ሲበላ ኖሯል።

«ጀዛከላህ ኸይር፣ አባ» ብላ አመሰገነቻቸው፤ ጣሳውን መለሰችላቸውና ወደ ውስጥ ገባች።

እኔ ግን እንደሷ ጨዋ አይደለሁም። «ሐጂ፣ ምን አደረግህ? ቀይዋን እንኳ አልማርካት? ሳትጠይቀን! የአራት ዓመት ልፋቷን!» እያልኩ ጮህኩ፣ መንገደኛ ዞሮ እስኪያይ። እሳቸው መዳፋቸውን ዘረጉ። ጣሳውን ከፍ አድርገው ወደ መዳፋቸው ገለበጡት። አንዲት ጠብታ አልወረደችም።

ያኔ ነው የገባኝ። ለመጨረሻ ሰዓታቸው ያስቀመጡትን በሙሉ አፍስሰውታል። ለራሳቸው ከንፈር አንዲት ጠብታ አላስቀሩም። የኔ ቁጣ እንደ ወተት ነው፤ ቶሎ ይገነፍላል፣ ከእሳት ሲወርድ ቶሎ ይተኛል። ከጎናቸው መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

«ጎዳኋት?» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ውሃው አይደለም አባ ሐጂ። ቆርቆሮው ነው።»

«እኔ የምጠይቅሽ ጎዳኋት ወይ ነው።»

ልዋሻቸው ፈልጌ ነበር፣ ምላሴ እንቢ አለ። «ገና አላወቅንም» አልኩ።

የኋላ ክፍሉን ቁልፍ ከአንገታቸው አውልቀው እጄ ላይ አስቀመጡት። ሻያቸው እንደተቀዳ ቀዘቀዘ።

ድንኳኑ ውስጥ ዒዲል ተስፋና ስጋቷን በአንድ ላይ ነገረችኝ። ዚንኩ ገና ትናንት የመጣ ስለሆነ ከቅርፊቱ ላይ ተቀምጧል እንጂ ውስጥ አልገባም፤ በቀጭን አሲድ ደጋግመን ካጠብነው ይለቅቃል። ነገር ግን ውሃ በተቀዳ ቁጥር ዳያተሙም አብሮ ያመልጣል። ቀይዋ ውስጥ ያለው ደግሞ ጥቂት ካመለጠው የሚያልቅ ነው። ባትታጠብ ውሸት ትናገራለች፣ ብትታጠብ ልትጠፋ ትችላለች።

«እናጥባት» አለች ዒዲል።

የሥራችን ደንብ ነው፣ ከቲዩብ የተቀዳ ውሃ ውጤቱ እስኪመጣ አይደፋም። ያመለጠ ካለ ተመልሰን እንፈልገዋለን። ስለዚህ አሲዱ ከመግባቱ በፊት ከሁሉም ላይ የቀዳሁትን ውሃ ለብቻው አጠራቀምኩት። የማጠራቀሚያ ጠርሙስ ስመርጥ ለቀይዋ ውሃ መያዣ ያሰናዳነውን አነሳሁ፤ ሳምንት ሙሉ አሲድ ውስጥ ተዘፍዝፎ የታጠበ ነው። ሀርጌሳ ውስጥ ከሱ የነጣ ጠርሙስ ያለ አይመስለኝም።

«ለሚጣል ውሃ እሱን?» አለች ዒዲል።

«የሐጂ ውሃ ነው» አልኳት። ክዳኑን ከፍታ ያዘችልኝ።

ከዚያ ቀን እስከ ሰኞ ድረስ አጠብን። ሴንትሪፊውጁ ቀስ ብሎ ሲዞር፣ ዳያተሙ ታች ሲረጋ፣ በፒፔት ከላይ ከላይ እየመጠጥን፣ ታችኛውን እንዳንነካ ትንፋሻችንን ይዘን። ቀይዋን የነካችው ዒዲል ብቻ ናት። እኔ በእጄ አልተማመንኩምና ራሴን ከሥራ አሰናበትኩ። በፕላስቲኩ አሻግሬ ሐጂ በሩ ላይ ጫማቸውን አውልቀው ቆመው አያለሁ፤ እንደ በፊቱ ግን አንገታቸውን አያሰግጉም።

ሰኞ ከሰዓት ባዶዋን ስመረምር ማሽኑ ምንም አላየም። ሁለት ጊዜ ደገምኩት፣ ምንም። ዒዲልን አንገቷን አንቄ ሳምኳት። ከቀይዋ ትንሽ ጠብታ ማይክሮስኮፕ ሥር አስገባን፤ ቅርፊቶቹ ክብና ሞላላ፣ ቀዳዳ ቀዳዳቸው እንኳ ሳይቀር ጥርት ብለው ይታያሉ። ከዚያ መመዘን መጣ። ቀይዋን ሦስት ጊዜ ለመለካት ነበር ያሰብነው። የቀረው ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው፣ እሱም ለክቶ የሚሰጠው ሰው ካልተሳሳተ።

ማክሰኞ ታክሲው ወደ አየር ማረፊያ ሊወስዳት ሲመጣ ሐጂ ከበሩ ጀርባ ተደብቀው ነበር። ዒዲል ሣጥኗን አቅፋ እዚያው ድረስ ሄደችባቸው።

«አባ ሐጂ፣ ዱዓ አድርግልኝ። በአፍ ብቻ ግን!»

ከቅዳሜ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ። እጃቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉላት፣ የታክሲው ሹፌር ሁሉ አሚን አለ።

የተከተሉት ሳምንታት ከበዱኝ። ሐጂ በየጠዋቱ «ልጅቷ ጻፈች?» ይሉኛል፤ አልጻፈችም ስላቸው ራሳቸውን ነቅንቀው ይቀመጣሉ። ሳላቸውም ጨመረ። ቁልፉን ልመልስላቸው ስል «አንቺው ያዢው» ይሉኛል። አንድ ቀን ባዶ ጣሳቸውን ሲያጥቡ አየኋቸው። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም፤ ብጠይቅ የማለቅስ መሰለኝ።

ከዚያ ዒዲል ደወለች። የምትናገረው በጩኸት ስለነበር ስልኩን ከጆሮዬ አራቅኩት። ባዶዋ ንጹህ ሆነች። ቀይዋም በአንድ ጊዜ ተለካች፣ ተሳካች። ፕሮፌሰሩ የሚቀጥለውን ጭቃ ሀርጌሳ እጠቡት ብለዋል። የተፈጠረውን ሁሉ ግን በጽሑፉ ውስጥ በሐቅ እንድታሰፍር አዘዋታል፤ ሐጂ ለባዶዋ ባያዝኑላት ኖሮ ዚንኩን ማንም ሳያውቀው፣ የሐሰት ባሕር ለዓለም ሊነገር ነበርና። እሷም «ለባዶዋ ድርሻዋን ሰጥቶ ያዳነን ሰው ይመስገን ብዬ እጽፋለሁ» አለችኝ።

በሩጫ ወጥቼ ለሐጂ ነገርኳቸው። መጀመሪያ አላመኑኝም። ከዚያ ግንባራቸውን መሬት ላይ አደረጉ፣ ሲነሱ ጢማቸው ላይ አቧራ ነበር።

«ቆይ፣ የምሰጥህ አለኝ» አልኳቸው። ውጤቱ መጥቷል፤ ያጠራቀምነው ውሃ ከእንግዲህ የማንም ጉዳይ አይደለም። አጣርቼዋለሁ፣ መርምሬዋለሁ። ዚንኩ ከሁሉም ቲዩብ ውሃ ጋር ተቀላቅሎ ስለቀጠነ ለመጠጥ ከሚፈቀደው ያነሰ ሆኗል። ጠርሙሱን እጃቸው ላይ አስቀመጥኩት።

«ምንድን ነው?»

«አደራህ ነው። ዘምዘምህ። ከሌላ ውሃ ጋር ተቀላቅሏል፣ ግን ማሽኑ ከቀመሰው በቀር አንዲት ጠብታ አልደፋንም።»

ወደ ፀሐይ አንስተው አዩት።  «ዘምዘም ሲቀላቀል ያኛውን ይባርካል እንጂ የሱ በረከት አይሄድም» አሉ። ከዚያ ጠርሙሱን መለሱልኝ። «እኔ ቤት ቆርቆሮ እንጂ ምን አለና። አንቺ ጋ ይቀመጥ። ቀኔ ሲደርስ ታመጭልኛለሽ።»

ሥራ ይበዛብኛል ልላቸው አስቤ ነበር። «አመጣለሁ» አልኩ።

ማቀዝቀዣው ውስጥ የሚገባ ሁሉ ወረቀት ይለጠፍበታል፤ የጠርሙሱ ይዘት፣ ባለቤቱ፣ የገባበት ቀን፣ የሚወጣበት ቀን። ዘምዘም ብዬ ጻፍኩ፣ ሐጂ ኸሊፋ ብዬ ጻፍኩ፣ የዛሬን ቀን ጻፍኩ። የሚወጣበት ቀን ላይ ስደርስ እስክሪብቶዬ ቆመ። ሐጂ በትከሻዬ በኩል አዩኝ።

«እሷ ለምን ባዶዋን ቀረች?» አሉ።

ሲያዩኝ ገባቸው። ጎንበስ ብለው ባዶውን ቦታ በጣታቸው ነኩት። «ተያት፣ እሷን አላህ ይሙላት» አሉ።

ጠርሙሱን ለዒዲል ቀጣይ ጭቃ ከተተወው ቦታ ጎን አስቀምጬ ማቀዝቀዣውን ዘጋሁ፣ ክፍሉን ቆለፍኩ። ከዚያ ቁልፉን አንገታቸው ላይ መልሼ አጠለቅኩላቸው፤ እንቢ አላሉኝም።